የሐረር ከተማ ውሃና የሐረማያ ሐይቅ

አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት የጀጎል ግንብ ሐረርን ከጠላት ይጠብቃት ነበር። ይሁን እንጂ ወንዞቹና እርሻዎቹ ከግንቡ ውጭ ስለሆኑ፥ ማታ የሚዘጉት 5ቱ በሮች ጧት መከፈታቸው የግድ ነበር። የከተማይቱን የውሃ ታሪክ የሚመረምር ሰውም ከበሮቹ ባሻገር ያለውን አገር ማየት ይገባዋል።

ከ20ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ በኋላ ሐረር የቧንቧ ውሃ የምታገኘው ቀድሞ ዓለማያ ይባል ከነበረው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ ከከተማይቱ በስተሰሜን ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ ከእርሷም ከፍ ባለ ምድር ላይ ይገኛል። የሐረማያና የአወዳይ ከተሞችም ከዚሁ ይጠጡ ነበር። የውሃ ሠራተኞች ተግባር ሞተሩን ማንቀሳቀስ፥ ውሃውን ማጣራት፥ የፈነዳውን ቧንቧ መጠገንና ከየቆጣሪው ሒሳብ መሰብሰብ ነበር። ይህ ሁሉ ግን የሚመለከተው ከውሃው መሳቢያ ወዲህ ያለውን ብቻ ነው።

ከመሳቢያው ወዲያ ሌላ ኑሮ ነበረ። ገበሬዎች ጫትና አትክልት ለማጠጣት በየግላቸው ሞተር ተከሉ፤ ከተራቆቱት ኮረብታዎች የሚወርደውም ጎርፍ ደለል አመጣ። ገበሬው በደጁ ያለውን ውሃ ለእንጀራው ማዋሉ እንደ በደል ሊቆጠርበት አይገባም፤ ለእርሱና ለከተሜው በአንድነት የሚለካ ዳኛ ግን አልተገኘም። ከ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ወዲህ ደግሞ ከተማይቱ በሐረሪ ክልል፥ ሐይቁ በኦሮሚያ ክልል ሆኑ። ጥልቀቱ አነስተኛ የነበረው ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደረቀ።

ቧንቧው በስፍራው ሳለ ውሃው ጠፋ፤ ሕዝቡም ውሃ በጀሪካን እየገዛ ብዙ ጊዜ ተቸገረ። በኋላ በድሬዳዋ ቆላ ጉድጓዶች ተቆፍረው ውሃው ወደ ደጋው ሽቅብ እንዲገፋ ተደረገ። ቀድሞ ከበላይዋ ትቀዳ የነበረች ከተማ ከበታቿ መቅዳት ስለጀመረች፥ ውሃዋ በረጅም ቧንቧና በማያቋርጥ የሞተር ኃይል ላይ የተመሠረተ ሆነ።

በቅርብ ዓመታት ሐይቁ በከፊል ውሃ መያዝ ጀምሯል። ይሁን እንጂ የደረቀበት ምክንያት የዝናብ ማነስ ብቻ እንዳልነበረ መዘንጋት አይገባም። የአንድ ከተማ ውሃ አስተዳደር ምንጩን የሚካፈሉትን ሰዎች ሁሉ በአንድ ስምምነት ካላሰባሰበ፥ ቧንቧው ምንም ያህል በሚገባ ቢጠገን ከተማይቱን ከጥም አያድናትም።