በጨረታ ፎር ዊል መኪና ልትገዙ ነው? ዋጋ ከመጻፋችሁ በፊት እነዚህን ቼክ አድርጉ

የድርጅት ላንድክሩዘር፣ ባንክ ለሐራጅ ያወጣው ሃይሉክስ፣ ጉምሩክ የወረሰው ፓትሮል... የጨረታ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያየው የመነሻ ዋጋውን ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ እዚሁ ላሉት ናፍጣ መኪኖች ፈላጊው ብዙ ነው።

ግን ማስታወቂያው ላይ «ባለበት ሁኔታ» የምትል ነገር አለች። ከገዛችሁ በኋላ ሞተሩ ቢሞት፣ ካምቢዮው ቢሰበር ሻጩን አይመለከተውም ማለት ነው። አሸንፋችሁ «ይቅርብኝ» ብትሉ ደግሞ ያስያዛችሁት ሲፒኦ ሊወረስ ይችላል። ስለዚህ ማጣራቱ ከጨረታው በፊት ማለቅ አለበት።

📌 1. መጀመሪያ ወረቀቱን

መኪናው ቢያብረቀርቅም ስሙ ካልዞረ የእናንተ አይደለም። እነዚህን ጠይቁ፦

✅ ቀረጥ፦ የኤምባሲና የእርዳታ ድርጅት መኪኖች ብዙ ጊዜ ከቀረጥ ነፃ የገቡ ናቸው። ለግል ሰው ሲሸጡ ቀረጡ ይጠየቃል። የሚከፍለው ሻጩ ነው ወይስ ገዥው? መልሱን ከጨረታ ሰነዱ ላይ አንብቡ፤ በቃል የተነገራችሁ ብቻ አይበቃም። አንዳንዴ ቀረጡ መኪናው «ርካሽ» የመሰለበትን ልዩነት በሙሉ ይበላዋል።

✅ ሊብሬ፦ ዋናው አለ? የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ መኪናው ላይ ካለው ጋር አንድ ነው? በላንድክሩዘር ላይ የሻንሲ ቁጥሩን በቀኝ የፊት ጎማ አካባቢ ብረቱ ላይ ተቀርጾ ታገኙታላችሁ። የተፋቀ፣ የተበየደ ወይም አዲስ ቀለም የተቀባ ከሆነ ተዉት።

✅ እግድ፦ በተለይ የባንክ ሐራጅ ከሆነ፣ የፍርድ ቤት እግድ ወይም ያልተከፈለ ዕዳ መኖር አለመኖሩን መኪናው ፋይሉ ካለበት መንገድ ትራንስፖርት ጠይቁ።

✅ ቫት፦ የምትጽፉት ዋጋ 15 በመቶውን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም?

📌 2. የእይታ ቀን

አብዛኛው ጨረታ መኪናውን ለማየት ቀን ይሰጣል፤ ነድታችሁ እንድትሞክሩ ግን ላይፈቀድ ይችላል። የምታምኑትን መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ። የቀን አበል ብትከፍሉት ይሻላችኋል። ስልካችሁን ቻርጅ አድርጉ፤ የኪሎሜትር ቆጣሪውን፣ የሻንሲ ቁጥሩን፣ ባትሪውን፣ ትርፍ ጎማውን፣ ኮፈኑ ሲከፈት ያለውን ሁሉ ፎቶ አንሱ። በእይታና በርክክብ መካከል ዕቃ ሊጎድል ይችላል። ያኔ ማስረጃችሁ ፎቶው ነው።

📌 3. ሞተር

ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ድረሱ። ገና ስትደርሱ ሞቆ ከጠበቃችሁ «ጠዋት እንቢ ይል ይሆን?» ብላችሁ ጠርጥሩ።

ሳይነሳ በፊት የዘይቱን ክዳን ክፈቱ። ውስጡ ወተት የመሰለ ነገር ካለ ውሃና ዘይት ተቀላቅሏል፤ ጓርኒሲዮን ወይም ቴስታታ ሊሆን ይችላል። የራዲያተር ውሃው ላይ ዘይት መንሳፈፉንም እዩ (ክዳኑን ሞተሩ ቀዝቅዞ ብቻ ክፈቱ!)።

ከተነሳ በኋላ ጭሱን ተመልከቱ፦
🔹 ሰማያዊ፦ ዘይት እያቃጠለ ነው
🔹 ጥቁር፦ ናፍጣው በዝቷል ወይም አየር አንሶታል (የፖምፓ፣ የኢንጀክተር ወይም የአየር ፊልተር ጉዳይ)
🔹 ከሞቀ በኋላም የማያቆም ነጭ፦ ውሃ እየገባ ወይም ናፍጣው በደንብ እየተቃጠለ አይደለም

ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ላይ የሚታወቀው 4.2 ሊትሩ የቶዮታ 1 ኤችዜድ ሞተር ጠንካራ ነው፤ ግን ታይሚንግ ቺንጋ አለው። ቺንጋው በየ100,000 ኪሎሜትር አካባቢ ካልተቀየረና ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። የተቀየረበት ማስረጃ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት።

📌 4. ፎር ዊሉ ይሠራል?

ብዙ ሰው የሚረሳው ይሄን ነው። መኪናው ለዓመታት በሁለት ጎማ ብቻ ሲነዳ ኖሮ ሊሆን ይችላል።

ከዋናው ማርሽ አጠገብ ያለውን አጭር ማንሻ ከኤች 2 ወደ ኤች 4፣ ከዚያ መኪናው ቆሞ ወደ ኤል 4 አስገቡት። ይገባል? ዳሽቦርዱ ላይ መብራቱ ይበራል? የፊት ጎማዎቹ መሃል ላይ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ ካለ «ፍሪ» እና «ሎክ» ላይ በትክክል መዞሩን ሞክሩ። ትንሽ መንዳት ከተፈቀደ አፈር ላይ ይሁን። ደረቅ አስፋልት ላይ በኤች 4 ስትጠመዝዙ መኪናው ቢይዛችሁ ብልሽት ላይሆን ይችላል፤ ግን እዚያ ላይ መሞከር ለራሱ ለመኪናው ጥሩ አይደለም።

ከዚያ ጎንበስ በሉ። ከፊት ጎማዎቹ ጀርባ ኳስ በሚመስለው ብረት ላይ ግራሶና ዘይት ተቀላቅሎ ከፈሰሰ የዘይት መያዣ ጎማዎቹ አልቀዋል። ዲፈረንሻሉንና ካምቢዮውንም ለፍሳሽ እዩ።

📌 5. ሻንሲ፣ ቦዲ፣ ጎማ

የእርዳታ ድርጅት መኪና ሰርቪስ በሰዓቱ ተደርጎለት ይሆናል፤ የሄደበት መንገድ ግን ኮረኮንች ነው። የባሌስትራ ማሰሪያዎቹ አካባቢ ስንጥቅና አዲስ ብየዳ ፈልጉ። ጨው ባለበት አካባቢ የሠራ ከሆነ ዝገቱን ከሥር እዩ። ቦዲውን በጣት ቆርቆር አድርጉ፤ ድምፁ ከደነቆረ ስቱኮ አለው።

ቆጣሪው 120,000 ይላል፣ የፍሪሲዮን ፔዳሉ ጎማ ግን አልቆ ብረቱ ወጥቷል? አንዱ ይዋሻል። የሰርቪስ መዝገብ ካለ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ።

ጎማው ጥርስ ስላለው ብቻ አትመኑት። ጎኑ ላይ ያለችውን ባለ 4 አሃዝ ቁጥር ፈልጉ፤ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ለረጅም ጊዜ የቆመ መኪና ጎማው ይሰነጠቃል፣ ፍሬኑ ይይዛል፣ ሽቦውን አይጥ ይበላዋል።

📌 6. ሒሳቡን ከላይ ወደ ታች ሥሩ

እንበል፣ ተመሳሳይና ጤነኛ መኪና ገበያ ላይ 3,000,000 ብር ነው።
➖ ጥገና 400,000
➖ ጎማና ባትሪ 150,000
➖ ስም ማዞሪያና ሌላ ወጪ 50,000
➖ ላላያችሁት ችግር መጠባበቂያ 200,000

የቀረው 2,200,000 ነው። ቫት ለብቻው የሚጨመር ከሆነ ይሄን ለ1.15 አካፍሉት፦ ወደ 1,913,000 ብር። ቀረጥ በእናንተ ላይ ከሆነ እሱንም ቀንሱ። ጣሪያችሁ ያ ነው። ግልጽ ሐራጅ ላይ እልህ ይይዛል፤ ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ ግቡ፣ ከሱ በላይ እጅ አታውጡ።

📌 7. ፖስታውን ከማሸጋችሁ በፊት

ዋጋው በአሃዝም በፊደልም አንድ መሆኑን፣ ስርዝ ድልዝ አለመኖሩን፣ ፊርማችሁን፣ ሲፒኦው በትክክለኛው ስም መሠራቱን አረጋግጡ። ካሸነፋችሁ ገንዘቡን በስንት ቀን እንደምትከፍሉና መኪናውን በስንት ቀን እንደምታነሱ ቀድማችሁ እወቁ፤ ብድር እየጠበቃችሁ ቀኑ እንዳያልፍባችሁ።

ወረቀቱ ካላማራችሁ መኪናው ምንም ቢያምር እለፉት፤ ሌላ ጨረታ ይወጣል። ጨረታ ሊገባ ላሰበ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።