ጆሮ ረጅሟ እንግዳና የእናቴ ፍየል

እናቴ ፍየሏን የምታልበው ማለዳ፣ የቀራንዮ መድኃኔዓለም ደወል ከተሰማ በኋላ ነበር። መጀመሪያ ግልገሉን ታስጠባዋለች። ግቷ ሲላላ ግልገሉን ጎትታ ከምሰሶው ታስረውና በወይራ ጭስ የታጠነችውን ትንሽ ቅል በግራ እጇ ይዛ በቀኟ ታልባለች። አንድ ብርጭቆ ከሞላ ቀኑ መልካም ነው። ወተቱ ግን የቤተሰቡ አልነበረም፤ ደረቱን እያፈነው ሌሊት ለሚያስለው ታናሽ ወንድሜ የተመደበ ነበር። «ፍየል ያልቀመሰችው ቅጠል የለም፤ መድኃኒቱ ሁሉ ወተቷ ውስጥ አለ» ትለን ነበር።

በ1950ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ ዳርቻ ያለችው ቀራንዮ ገና ገጠር ነበረች። ወደ ምዕራብ ቀና ብንል ወጨጫ ተራራ ይታየናል፤ በዙሪያችን ያለው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ለቤት ሠሪና ለማገዶ ሻጭ ሀብት ነው፤ ለፍየል ግን ምንም አይደለም፣ አትቀምሰውም። ስለዚህ ከትምህርት ቤት መልስ የእኔ ሥራ ፍየሏን ወደ ወንዙ ዳርቻ ወስዶ አጋም፣ ቀጋና ግራዋ ፈልጎ ማብላት ነበር። ፍየል አመራረጧን ያየሁት እዚያ ነው። የፊት እግሮቿን ግንዱ ላይ አሳርፋ ትቆማለች፤ ከእሾኹ መሐል በከንፈሯ እየለቀመች ለጋውን ትቀጥፋለች። «ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» የሚለው ተረት እንዴት ያለ የአስተዋይ ሰው ቃል እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

በእኛ ደጋ ሰው ዘንድ ፍየል ለሥጋዋና ለቆዳዋ ነበር የምትፈለገው። ሌጦዋ ስልቻና አቁማዳ ይሆናል፤ ተፍቆና ተወጥሮ ደግሞ ብራና ይሆናል። ወተቷ ግን እንደ እናቴ ቤት ለታመመ ሰው ካልሆነ ከቁም ነገር አይገባም። አገሩ ሁሉ እንዲህ አይደለም። በዋግና በአበርገሌ የፍየል ወተት የጓዳ ሀብት ነው። አፋርና ሶማሌ ያለ ፍየል ወተት ልጅ አያሳድግም። በሐረርጌ ደጋ ደግሞ ሆጃው፣ ያ ከቡና ገለባ የሚፈላው፣ ወተት ካልገባበት ሆጃ አይባልም።

ይህን የሐረርጌውን ያወቅሁት ተመድቤ ከሄድኩ በኋላ ነው። በ1980ዎቹ የግብርና ሠራተኛ ሆኜ ምሥራቅ ሐረርጌ ስደርስ አንዲት ሴት ደጅ ላይ ከዚያ በፊት ዓይቼ የማላውቃትን ፍየል አየሁ። እግሯ ረጅም፣ አፍንጫዋ እንደ ቀስት የጎበጠ፣ ጆሮዋ ከአንድ ስንዝር የሚበልጥና ወደ ታች የተንጠለጠለ ነበር። የቀረበላትን ፉርሽካ ለመብላት አንገቷን ስትደፋ ጆሮዎቿ ቀድመው ገበታው ውስጥ ገቡ፤ ቀና ስትል ጫፋቸው በዱቄት ነጥቶ ወጣ። ሴትዮዋ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላቸው። ስለ ፍየሏ ስጠይቃት «የፈረንጅ ዲቃላ ናት» አለችኝ።

ነገሩ ከፈረንጅ አገርም አልፎ ይሄዳል። የዚያ ጆሮና የዚያ አፍንጫ አገሩ ሕንድ ነው። በኡታር ፕራዴሽ፣ በኢታዋ አውራጃ፣ የያሙናና የቻምባል ወንዞች በሸረሸሯቸው ገደላገደሎች ውስጥ ጃምናፓሪ የምትባል ፍየል ትረባለች። ስሟም ከያሙና ወንዝ የተወሰደ ነው፤ «ከያሙና ማዶ» እንደማለት። አካሏ በአብዛኛው ነጭ ሆኖ አንገቷና ጆሮዋ ላይ ቡናማ ጣል ያደርግበታል። አውራው በደንብ ከተያዘ ከ60 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ እናቲቱ ጥሩ ስትበላ በቀን አንድ ተኩልና ሁለት ሊትር ትታለባለች። ለወተትም ለሥጋም የምትረባ በመሆኗ ወደ ኢንዶኔዥያ ሳይቀር ተወስዳ ከአገሩ ፍየል ጋር ተዳቅላለች። በእነዚያ ገደላገደሎች ያለው እሾኻማ ቁጥቋጦ ነው፤ ረጅም እግሯ ወደ ላይ ተንጠራርታ እንድትቀጥፍ ያገለግላታል። አርቢዎቿ ቀኑን ሙሉ ቁጥቋጦው ውስጥ ያሰማሯታል። ያቺን ፍየል የሠራት እንግዲህ ያ ምድርና ያ ሰው ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን እንግሊዞች ሕንድን ሲገዙ በመርከብ ከሄዱት እንስሳት መካከል የዚህች ዘር አውራዎችም ነበሩ። እንግሊዝ አገር ውስጥ ከአካባቢው ፍየልና ከግብፅ ከመጡት ጋር ተዳቀሉ። ከዚያ የወጣው ዘር አንግሎ ኑቢያን ተባለ፤ በእንግሊዝ የዘር መዝገብ ራሱን የቻለ ክፍል ያገኘው በ1910 እ.ኤ.አ. ነው። ስሙን ያገኘው ከእኛው ጎረቤት ከኑቢያ ነው። ኑቢያን የሚባል የፍየል ዓይነት በአገራችን ሰሜን ምዕራብ ጠረፍም ስለሚገኝ፣ ሐረርጌ የደረሰችው እንግዳ አንዱ ወገኗ ከእኛ ብዙም አልራቀም ማለት ነው።

ወደ ሐረርጌ ያመጣት ፋርም አፍሪካ የተባለው የእንግሊዝ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ድርጅቱ የተቋቋመው በ1985 እ.ኤ.አ.፣ የ1977ቱ ድርቅ ዓለምን ባስደነገጠበት ወቅት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዶክተር ክሪስቲ ፒኮክ አመራር በሐረርጌና በደቡብ የወተት ፍየል ልማት ፕሮግራም ጀመረ። የያኔው የአለማያ የግብርና ዩኒቨርሲቲና የአዋሳ እርሻ ኮሌጅም ተባባሪ ሆኑ። አንግሎ ኑቢያን ከእንግሊዝ ተጭነው መጥተው በሐረርጌ ከሶማሌ ፍየል ጋር ተዳቀሉ።

አሠራሩን ላደንቀው ይገባል። ፍየሎቹ የሚሰጡት ድሃ ለሆኑ ሴቶች ነበር። በብዛት እማወራዎች በቡድን ይደራጁና አስቀድመው የአገሩን እናት ፍየሎች በዱቤ ይወስዳሉ። ዕዳው የሚከፈለው በብር ሳይሆን በግልገል ነው፤ የተከፈለው ግልገል ለቀጣዩዋ ሴት ያልፋል። ከሴቶቹ መካከል ተመርጠው የእንስሳት ጤና ሥልጠና የወሰዱ ነበሩ፤ መርፌ የሚወጉት፣ የትል መድኃኒት የሚያጠጡት እነሱ ናቸው። የማሳ ዳርና የአጥር ሥር ላይ ሰስባንያና ሉኪና የሚባሉ የመኖ ዛፎች ይተከላሉ። ዲቃላዋ የምትመጣው ይህ ሁሉ ከተሰናዳ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ የእኔ ስህተት ከዚህ ይነሳልና።

ያቺን ጆሮ ረጅም ካየሁ በኋላ ዕረፍት አጣሁ። በቀን ሁለት ጊዜ የምትታለብ ፍየል እናቴ ደጅ ላይ ትታየኝ ጀመር። ለዕረፍት ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ከአንድ አርቢ አንዲት ዲቃላ እናት ፍየል ገዝቼ በጭነት መኪና ቀራንዮ አደረስኳት። እናቴ ዞር ዞር ብላ አየቻት፤ ጆሮዋን በመዳፏ ይዛ ለካችው። «ይህቺ ምን ትበላለች?» ነበር የመጀመሪያ ጥያቄዋ። እኔም ከሌላዋ ጋር ያገኘችውን ትብላ አልኩ።

ከሌላዋ ጋር የምታገኘው አልበቃትም። ሰውነቷ ትልቅ፣ የምትሻው መኖም ብዙ ነው፤ ቀራንዮ ደግሞ የአጋሙና የግራዋው ስፍራ በቤት ተይዞ ነበር። ወተቷ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከእናቴ ፍየል ወተት ጋር እኩል ሆነ። ሐምሌ ገባ። ከወጨጫ በኩል የሚመጣው ብርድና ዝናብ ለሳምንታት አላባራም፤ የማደሪያዋ ወለል ጭቃ ነበር። ማሳል ጀመረች፣ ከአፍንጫዋ ንፍጥ ወረደ፣ መኖ እምቢ አለች። የሳንባ ምች ነበር። ሐኪም ይዤ ስመጣ ጆሮዎቿ ቀዝቅዘው አገኘሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ደረቅ ወለልና የሚበቃ መኖ ሳላዘጋጅ ነው ያመጣኋት። የእናቴ ፍየል እዚያው ጎኗ ታስራ ክረምቱን አለፈች፤ ጥቅምት ላይም መንታ ወለደች።

የአንዲት ፍየል ሞት ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃውን ያመጣው ኢትዮጵያዊው የእንስሳት እርባታ ተመራማሪ ዶክተር ወርቅነህ አያሌው ነው። ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በሐረርጌ አነስተኛ አርሶ አደሮች ደጅ የዲቃላዎችንና የአገሩን ፍየሎች ጥቅም አወዳደረ። የሚያስመሰግነው አቆጣጠሩ ነው። ወተቱንና ሥጋውን ብቻ አልቆጠረም። ፍግ ለማሳው የሚሰጠውን፣ ፍየል በክፉ ቀን ተሸጣ የምታወጣውን ገንዘብ፣ እንደ ቁጠባና እንደ ዋስትና የምታገለግለውንም አስገባ፤ ገበሬው ራሱ የሚቆጥረው እንደዚህ ነውና። ውጤቱ ብዙዎችን ያስደነገጠ ነበር። በገበሬው ደጅ ዲቃላዎቹ ከአገሩ ፍየሎች የበለጠ የተጣራ ጥቅም አላስገኙም። ጥቅሙን ከፍ ያደረገው የተሻሻለው አያያዝ ነው፦ መኖው፣ ሕክምናው፣ ክትትሉ። እሱ ደግሞ የአገሩን ፍየሎችም ጠቅሟል።

ስለዚህ ከዚያ ፕሮግራም የምወስደው ትልቁ ትምህርት ከመርከብ የወረደው ደም አይደለም። አንዲት እማወራ የራሷ ፍየል ኖሯት፣ መርፌ የምትወጋ ጎረቤት አግኝታ፣ አጥሯ ሥር መኖ ተክላ ልጆቿን ወተት ማጠጣት መቻሏ ነው። ሌላም ውለታ አለ። ፋርም አፍሪካ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ጋር ሆኖ በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የኢትዮጵያንና የኤርትራን ፍየሎች በ14 ዓይነት ለይቶ መዝግቧል፤ አፋር፣ አበርገሌ፣ አርሲ ባሌ፣ የሐረርጌ ደጋ፣ ወይጦ ጉጂ፣ ከፋ እያለ ይቀጥላል። አያቶቻችን በዓይን የሚለዩትን በወረቀት አኖረልን። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የደቡብ አፍሪካው ቦኤር ለሥጋ መጥቶ ከደጋው ፍየል ጋር ተዳቅሏል። ለእሱም የእናቴን ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ምን ይበላል?

ሕንዶች ራሳቸው ወደ ምድራቸው ተመልሰዋል። በማቱራ አቅራቢያ ባለው የፍየል ምርምር ማዕከላቸው ጃምናፓሪን ንጹሕ ዘሯን ይዘው እያረቡ ያሻሽላሉ። ሌላው ዓለም የወሰደውን ዘር እነሱ ከምንጩ ይጠብቃሉ። እኛስ የአበርገሌን ታላቢ ፍየል፣ ያቺን በድንጋያማው ተዳፋት ላይ ወተት የምትሰጠውን፣ እንደዚያ እየጠበቅናት ነው?

ዛሬ ቀራንዮ ከተማ ናት። ፍየል የምናየው በብዛት ለበዓል ሲቀርብ፣ ሙክቱ በገመድ ታስሮ መንገድ ዳር ሲቆም ነው። አንዳንድ ጎረቤቶቼ ግን አሁንም አንዲትና ሁለት እናት ፍየል ጊቢያቸው ያኖራሉ፤ ፉርሽካ፣ አተላ፣ የጎመን ቅጠልና ትንሽ ፋጉሎ ያበሏቸዋል። ሲያማክሩኝ የምነግራቸውን ለእናንተም ልንገር። ዘር ከመግዛታችሁ በፊት ወለሉን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ በጣውላ ሥሩ፤ ደረቅ ይሁን። መኖውን ለክረምት አስቀድማችሁ ያዙ። ከአገሩ ፍየሎች መካከል መንታ የምትወልደውንና ግቷ ጥሩ የሆነውን ምረጡ፤ ግልገሎቿን አትሽጡ። ወተቱን ደግሞ ለሕፃንም ለበሽተኛም ስትሰጡ አፍሉት፤ ጥሬው ብሩሴሎሲስ የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል። እናቴ ይህን አታውቅም ነበር፤ ፍየልን ከማምጣት በፊት የምትበላውን ማሰብ እንደሚገባ ግን ከእኔ በፊት ታውቅ ነበር።