ጭሱ ሕመም ያልነበረበት ዘመን

ሃርሊ ዴቪድሰን ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ የሚመጣው ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ ትልቅ ሞተር ሳይክል ነው። የሚልዋኪው ኩባንያ ግን እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1982 ድረስ ለጎልፍ ሜዳ የምትሆን ትንሽ መኪና፣ ጎልፍ ካርትም ይሠራ ነበር። በመጀመሪያ ሦስት ጎማ ነበራት። የቤንዚኗ ዓይነት የምትንቀሳቀሰው 245 ሲሲ በሆነ፣ አንድ ሲሊንደር ብቻ ባለው ባለ ሁለት ምት ሞተር ነው። ተጫዋቹ ፔዳሉን ረግጦ ሲነሳ ከማርሚታዋ ሰማያዊ ጭስ ቡልቅ ይላል። ኳሱ ጋ ደርሶ ሲቆም ሞተሩም አብሮ ይጠፋል። እንደገና ሲረግጥ እንደገና ቡልቅ ይላል። 18ቱ ጉድጓዶች እስኪያልቁ ድረስ ይኸው ነው። በዚህ የሚደነግጥ አልነበረም፤ ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ ጭሱም የአሠራሩ አካል ነው።

ከ30 ዓመት በኋላ ከተሠራች ካርት ያው ጭስ ቢወጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መካኒኩ የዘይት መለኪያውን ይመዛል፣ ካንዴላውን ይፈታል፣ ባለቤቱን ከመቼ ጀምሮ እንደምታጨስ ይጠይቃል። የጭሱ ቀለም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሞተሩ ነው። የቤንዚን ጎልፍ ካርት ጥገና ታሪክም በአመዛኙ የዚህ ለውጥ ታሪክ ነው። አንዱ የመካኒክ ትውልድ አይቶ የሚያልፈው ምልክት ለቀጣዩ ትውልድ የምርመራው መነሻ ሆነ።

ጎልፍ ካርት ገበያ ላይ ስትወጣ ቤንዚን አልነበራትም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ ይሠሩ የነበሩት በባትሪ የሚሄዱ ነበሩ። በ1954 በጆርጂያ ግዛት በኦገስታ ከተማ የዶላን ወንድማማቾች ኢ-ዚ-ጎ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ፤ በ1960 ቴክስትሮን ገዛው። በሂዩስተን የተጀመረው ክለብ ካርም በ1960ዎቹ ወደ ኦገስታ ተዛወረ። በማስተርስ የጎልፍ ውድድር የምትታወቀው ከተማ በዚህ የተነሳ የካርት ሥራም ማዕከል ሆነች። ይሁን እንጂ የዚያ ዘመን ባትሪ ከባድ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ካልተሞላ በማግስቱ አያገለግልም፤ ዳገት በበዛበት ሜዳ ላይ ደግሞ ከሰዓት በኋላ አቅሙ ይዝላል። ቤንዚን በአምስት ደቂቃ ተቀድቶ ሥራ ይቀጥላል። ሃርሊም ሆነ ሌሎቹ ወደ ቤንዚን ያዘነበሉት ለዚህ ነው።

የመረጡት ሞተር ደግሞ ያኔ ከነበሩት ሁሉ ቀላሉ ነበር። ኒኮላውስ ኦቶ በ1876 ጀርመን ውስጥ ያሠራው ባለ አራት ምት ሞተር ቫልቮችና እነሱን የሚነዳ ካም ሻፍት ያስፈልጉታል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዴይ በ1890ዎቹ መጀመሪያ በባዝ ከተማ ያዘጋጀው ባለ ሁለት ምት ሞተር ግን ቫልቮቹን አስቀረ። በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች የሚከፍተውና የሚዘጋው ፒስተኑ ራሱ ነው። አየርና ቤንዚኑ መጀመሪያ ክራንክ ሻፍቱ ወዳለበት ክፍል ይገባል፣ እዚያ በፒስተኑ መውረድ ይታመቃል፣ ከዚያ ወደ ላይ ይገፋል። ክፍሉ የነዳጅ መተላለፊያ በመሆኑ ዘይት ሊጠራቀምበት አይችልም። ስለዚህ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይደባለቃል። ክራንክ ሻፍቱንና ፒስተኑን እግረ መንገዱን አለስልሶ ሲያበቃ ከነዳጁ ጋር ይነዳል። ሰማያዊው ጭስ ይህ ነው፤ ሥራውን ጨርሶ የተቃጠለ ዘይት።

ሃርሊ ከዚህ ቀላልነት ያገኘው ሌላም ጥቅም ነበር። ቫልቭ የሌለው ሞተር በየትኛውም አቅጣጫ ሊዞር ይችላል። ስለዚህ ካርቷ ወደ ኋላ መሄድ ሲኖርባት ሞተሩ ይቆምና በተቃራኒው አቅጣጫ ዞሮ ይነሳል። ለኋላ ማርሽ የሚሆን ተጨማሪ ጥርስ አያስፈልግም። የሚያስነሳውም ባትሪውን የሚሞላውም አንድ ዲናሞ ነው፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ሞተሩን ያዞራል፣ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ኃይል ያመነጫል። ይህ የአስነሺና የዲናሞ ጥምረት በቤንዚን ካርቶች ላይ ለብዙ አሥርት ዓመታት ቆይቷል።

በዚያ ዘመን የመካኒኩ ጥያቄ ካርቷ ታጨሳለች ወይ የሚል አልነበረም። ጥያቄው ምን ያህል ታጨሳለች የሚለው ነው። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነዳጁን የደባለቀው ሰው ነበር። እንደ ሞዴሉ ለ50 ወይም ለ100 እጅ ቤንዚን አንድ እጅ ዘይት ይጨመራል። በደርዘን የሚቆጠሩ ካርቶች ባሉት ክለብ ውስጥ ይህን በየዕለቱ በትክክል መለካት ቀላል ሥራ አይደለም። ዘይቱ ሲበዛ ጭሱ ይወፍራል፣ ካንዴላው በዘይት ይርሳል፣ የማስወጫው ቀዳዳና ማርሚታው በጥቀርሻ ይደፈናሉ። ያኔ ካርቷ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራታል። መካኒኩ ማርሚታውን ፈትቶ ጥቀርሻውን ይፍቃል፤ ካርቷም አቅሟ ይመለሳል። ዘይቱ ሲያንስ ግን ጉዳቱ የባሰ ነው፤ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ ይነክሳል።

ልምድ ያላቸው መካኒኮች አብልጠው የሚፈሩትም ጭሱ በድንገት ሲጠፋ ነበር። በክራንክ ሻፍቱ ሁለት ጫፎች ላይ ያሉት ኦይል ሲሎች ሲደርቁ ክፍሉ ከውጭ አየር ይስባል፣ ድብልቁ ይሳሳል፣ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል። ጭሱ ስለቀነሰ የተደሰተ ባለቤት ብዙም ሳይቆይ ፒስተኑ የተበሳ ሞተር ይዞ ጋራዥ ይመጣ ነበር። ለዚህ ዓይነቱ ሞተር የጭስ መጥፋት የአደጋ ምልክት ነበር ማለት ነው።

ለውጡ የመጣው ከጃፓን ነው። ያማሃ በ1970ዎቹ አጋማሽ ለአገሩ ሜዳዎች ካርት መሥራት ጀመረ። በ1978 ጂ-1 የተባለችውን ባለ ሁለት ምት ሞዴል ለአሜሪካ ገበያ አቀረበ። በ1985 ደግሞ ጂ-2ን አወጣ፤ ሞተሯ 285 ሲሲ፣ ባለ አራት ምት ነው። ዘይቱ በራሱ ማጠራቀሚያ ተቀምጦ ይዞራል፣ ቤንዚኑ ለብቻው ይቀዳል፣ ተጫዋቹም የነደደ ዘይት እየሸተተው አይውልም። ክለብ ካር በ1980ዎቹ ካዋሳኪ በሠራው ባለ አራት ምት ሞተር ወደ ቤንዚን ገበያ ገባ። ኢ-ዚ-ጎ በ1991 ፉጂ ሄቪ ኢንዱስትሪስ ሮቢን በሚል ስም ያመርተው ወደነበረው፣ 295 ሲሲ ባለ ሁለት ሲሊንደርና ባለ አራት ምት ሞተር ተሻገረ። ያማሃም በ1988 ከአትላንታ በስተደቡብ በምትገኘው ኒውናን ከተማ ካርት ማምረት ጀመረ።

ሕጉ የመጣው ዘግይቶ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ከ25 የፈረስ ጉልበት በታች ለሆኑ የቤንዚን ሞተሮች የጭስ ገደብ መጣል የጀመረው በ1997 የምርት ዘመን ነበር። በዚያው ዓመት ካሊፎርኒያ ገፋ አድርጋ ሄደች፤ አየራቸው በኦዞን በተበከለ አካባቢዎቿ ጭስ የማያወጡ አዳዲስ ጎልፍ ካርቶች ብቻ እንዲሸጡ የሚያዝ ደንቧ ሥራ ላይ ዋለ። ዋና ዋናዎቹ አምራቾች ያኔ ባለ ሁለት ምቱን ሞተር ትተውት ነበር። ሕጉ ከመድረሱ በፊት ፍርዱን የሰጡት ጭሱ ያስመረራቸው ተጫዋቾችና ድብልቅ መለካት የሰለቻቸው ክለቦች ናቸው።

ከዚህ በኋላ ጭስ ሕመም ሆነ፤ ቀለሙም ይነበብ ጀመር። ጥቁር ከሆነ ቤንዚኑ ከአየሩ በዝቷል። የአየር ማጣሪያው ተደፍኗል፣ ቾኩ ተዘግቶ ቀርቷል፣ ወይም የካርቡሬተሩ መርፌ ቤንዚኑን መያዝ አቅቶታል። በመጨረሻው ምክንያት ቤንዚኑ ወደ ዘይቱ ሊወርድ ስለሚችል መካኒኩ የዘይት መለኪያውን አውጥቶ ያሸተዋል። ነጭ ጭስ ከመኪና ጋራዥ የመጣውን ሰው ያሳስታል። በመኪና ላይ ነጭ ጭስ ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተበልቶ የማቀዝቀዣው ውሃ ወደ ሲሊንደሩ መግባቱ ነው። የካርት ሞተሮች ግን በአብዛኛው የሚቀዘቅዙት በአየር ነው፤ የሚገባ ውሃ የላቸውም። በቀዝቃዛ ጠዋት ታይቶ ቶሎ የሚጠፋ ነጭ ጭስ ማርሚታ ውስጥ ያደረ እርጥበት ነው፤ የማይጠፋ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው ዘይት ነው።

ሰማያዊው ጭስ ደግሞ የሚታይበትን ሰዓት ይጠይቃል። ካርቷ አድራ ስትነሳ ብቻ ቡልቅ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ዘይቱ ሌሊቱን ባረጁ የቫልቭ ሲሎች በኩል ተንጠባጥቦ ነው። ቁልቁለት ላይ ወይም ከቁልቁለቱ ማብቂያ ፔዳሉ ሲረገጥ የሚብስ ከሆነም ጥርጣሬው ወደ ቫልቮቹ ያጋድላል። ዳገት ላይ፣ ሁለት ሰውና ሁለት ቦርሳ ጭና ስትወጣ ሳያቋርጥ የሚወጣ ከሆነ ግን የፒስተን ቀለበቶቹና ሲሊንደሩ ይጠረጠራሉ።

ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ከሞተሩ ውጭ ይገኛል። እነዚህ ሞተሮች የሚይዙት ዘይት አንድ ሊትር ገደማ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ነው። የመኪና ልማድ ያለው ሰው ሳይለካ ሲጨምር በቀላሉ ከምልክቱ ያልፋል። የተረፈውን ዘይት ክራንክ ሻፍቱ ይመታዋል፣ በመተንፈሻው ቱቦ በኩል ወደ አየር ማጣሪያው ይወጣል፣ ከዚያ በካርቡሬተሩ ወደ ሲሊንደሩ ተስቦ ይነዳል። ጎማ ለመቀየር በአንድ ጎን ተሰቅላ የቆየች ካርትም እንዲሁ ስትነሳ ለጥቂት ደቂቃ ልታጨስ ትችላለች። ስለዚህ ነው ጠንቃቃ መካኒክ ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት ካርቷን ደልዳላ ቦታ አቁሞ ዘይቷን የሚለካው፣ የአየር ማጣሪያውንም አውጥቶ በዘይት መራሱን የሚያየው። ማጣሪያው ከራሰ ትርፉን ዘይት ቀንሶ፣ መተንፈሻውን አጽድቶ፣ ማጣሪያውን ለውጦ ሞተሩን ሳይከፍት ሊያድነው ይችላል።

ከዚህ ያለፈው ምርመራ ጆሮ ይፈልጋል። አንዳንድ የካርት ሞተሮች በቀላሉ እንዲነሱ ሲባል ሲዞሩ ቫልቭ በጥቂቱ ከፍቶ የሚያስተነፍስ መሣሪያ አላቸው፤ በተለመደው የኮምፕሬሽን መለኪያ ሲለኩ ደህናው ሞተር እንኳ የደከመ ይመስላል። ስለዚህ መካኒኩ ካንዴላውን ፈትቶ ፒስተኑን ሁለቱም ቫልቮች በተዘጉበት ጫፍ ላይ ያቆመዋል፣ እንዳይዞርም ክራንክ ሻፍቱን ይይዛል። ከዚያ በካንዴላው ቀዳዳ በኩል የታመቀ አየር ወደ ሲሊንደሩ ይለቃል። አንዱ መለኪያ የገባውን ግፊት፣ ሌላው ውስጥ የቀረውን ያሳያል። አሁን ጎንበስ ብሎ ያዳምጣል። የአየሩ ፉጨት ከማርሚታው ከተሰማ የማስወጫው ቫልቭ አልገጠመም፤ ከካርቡሬተሩ ከተሰማ የማስገቢያው ነው። ከዘይት መሙያው አፍ አየር እየተገፋ ከወጣ ቀለበቶቹ አልቀዋል ማለት ነው። ያኔ ሞተሩ ይወርዳል፣ ሲሊንደሩ ይለካል፣ ካስፈለገ ተሞርዶ ሰፋ ያለ ፒስተን ይገባበታል።

ይህ ሙያ ከጎልፍ ሜዳ ወጥቶ ወደ መንደር የገባው ፒችትሪ ሲቲ በመሳሰሉ ቦታዎች ነው። በ1959 የተመሠረተችው ይህች ከተማ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከአትላንታ በስተደቡብ ትገኛለች። ወደ 160 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የካርት መንገድ አላት፤ ተማሪዎች ትምህርት ቤት የሚሄዱበት፣ ነዋሪዎች ገበያ የሚወጡበት ነው። ክለቦች ካርቶቻቸውን ከጥቂት ዓመታት አገልግሎት በኋላ ሲሸጡ የሚገዛቸው ቤተሰብ ነው፤ ካርቷም ሌላ ዕድሜ ትጀምራለች። ሜዳ ላይ በሰዓት ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር እንድትሄድ የተገደበችውን ካርት ብዙ ባለቤቶች መቆጣጠሪያዋን ነካክተው ያፈጥኗታል። ሞተሩ ከታሰበለት በላይ ሲዞር ሙቀቱ ይጨምራል፣ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ቀለበቶቹ ቶሎ ያልቃሉ። በኋላ በሰማያዊ ጭስ ታፍና ጋራዥ የምትደርሰው ያቺው የተፋጠነችው ካርት ናት።

ባለፉት ዓመታት ኢ-ዚ-ጎና ያማሃ ካርቡሬተሩን በኤሌክትሮኒክ የነዳጅ መርጫ ተክተዋል፤ የሊቲየም ባትሪ ያላቸው ካርቶችም የቤንዚኖቹን ቦታ እየወሰዱ ነው። ጥቁር ጭስ በአዲሶቹ የቤንዚን ሞተሮች ላይ ሲታይ ምርመራው ከመርፌና ከቾክ ይልቅ በሴንሰርና በኮምፒዩተር ይጀምራል። ሦስቱም ትውልዶች ግን ዛሬም በአንድ ጋራዥ በር ላይ ተሰልፈው ሊገኙ ይችላሉ፦ ሰብሳቢ አድሶ የያዛት የ1970ዎቹ ሃርሊ፣ የቤተሰብ መገልገያ የሆነች የ1990ዎቹ ካርት፣ ከክለብ የመጣች ባለ ነዳጅ መርጫ። ለመጀመሪያዋ መካኒኩ የድብልቁን ልክ ይጠይቃል፤ ለሁለተኛዋ የዘይት መለኪያውን ይመዛል፤ ለሦስተኛዋ የመመርመሪያ ኮምፒዩተሩን ይሰካል። የትኛውን እንደሚያስቀድም የሚወስነው ጭሱን ከማየቱ በፊት በመቀመጫው ሥር ወይም በአካሏ ላይ የተለጠፈውን የሞዴልና የተሠራችበትን ዓመት ቁጥር አንብቦ ነው።