የሰሜን ተራራ በረዶና የአዱሊስ ድንጋይ

የሰሜን ተራራን በረዶ ከሚያነሡት ጥንታውያን ሰነዶች አንዱ የተገኘው በደጋ ሳይሆን እንደ ጂቡቲ ባለ የባሕር ዳር ቆላ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ ዐፄ ካሌብ ባሕር ተሻግረው ሊዘምቱ ሲሰናዱ፣ ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ በአዱሊስ ወደብ፣ በድንጋይ ዙፋን ላይ የተቀረጸ የግሪክ ጽሑፍ አገኘ፤ አገረ ገዥውም ስላዘዘው ገለበጠው። ጽሑፉ፣ ስሙ ያልተረፈ አንድ ንጉሥ ከወንዙ ማዶ ባሉት የሰሜን ተራሮች መዝመቱን፣ በዚያም በረዶው እስከ ጉልበት ይደርስ እንደ ነበር ይተርካል።

በ18ኛው መቶ ዓመት ወደ ጎንደር የመጣው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ ግን በዚያ ተራራ በረዶ አላየሁም አለ። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ በረዶውን በዐይኑ ማየቱን መሰከረ፤ ብሩስ ያላየው ከተራራው ግርጌ ስላላለፈ ነው ሲልም ምክንያቱን ገለጸ።

ለመሆኑ አለቱ ራሱ ምን ይላል? ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ ከመቶ 9 ያህል ይጨምራል። 4,550 ሜትር ከፍታ ባለው በራስ ዳሸን፣ ቀን የቀለጠው ውሃ በአለቱ ስንጥቅ ይገባል፤ ሌሊት ውርጩ ሲያረጋው ያብጥና ስንጥቁን ያሰፋዋል። በአውሮፓ በዓመት የሚፈራረቀው ብርድና ሙቀት በእኛ ደጋ በአንድ ቀንና ሌሊት ይፈራረቃል። ስለሆነም ቋጥኙ እየተፈረካከሰ ከገደሉ ሥር ይከመራል። በአፈሩ ውስጥ ያለው እርጥበትም እንደ መርፌ እየቆመ አፈሩን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ረፋድ ላይ ሲቀልጥ አፈሩ ቁልቁል ይንሸራተታል።

በጥንት ዘመን ብርዱ ከዛሬው የበረታ ነበር። በሰሜንም በባሌም የበረዶ ግግር እየተንፏቀቀ ድንጋይ ገፍቶ ከምሯል፤ ክምሩ ዛሬም ይታያል። በባሌ፣ በሳነቴ አምባ ላይ፣ ብርዱ ድንጋዮችን በረድፍ አሰልፏቸዋል፤ አንዳንዱ ረድፍ እስከ 1,000 ሜትር ይረዝማል፣ እስከ 15 ሜትር ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች በባሌ፣ በፍንጫ ሀበራ ዋሻ፣ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ፣ ከበረዶው ዳር ባልጩት እያመጡ መሣሪያ ይሠሩ ነበር።

ይኸንኑ ሥራ በካርቲየ 7 ቢስም በሌላ መልክ እናየዋለን። የባሕር ነፋስ የሚያመጣው ጨው በግድግዳ ቀዳዳ ገብቶ ሲደርቅና ሲጠጥር ልስኑን ይልጠዋል። በረዶ በደጋ የሚሠራውን ጨው በቆላ ይሠራዋል።

የአዱሊሱ ዙፋን ጠፍቷል። ቃሉ የተረፈው ኮስማስ በእጁ ስለ ገለበጠው ብቻ ነው። እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን በረዶን የሚያውቁት ተገዝቶ ሲመጣ እንጂ ሌሊት ሜዳ ላይ ሲረጋ አይደለም። ስለዚህ ከበየዳ፣ ከጃናሞራ፣ ከጉናና ከባሌ የመጣችሁ አባቶችና እናቶች፣ ስለ አመዳዩ፣ ስለ ናዳው፣ ገብስ ስለሚያቃጥለው ውርጭ የምታውቁትን ንገሯቸው። መጻፍ የሚችል ይጻፈው፤ እኛም ለሚቀጥለው እትም እንገለብጠዋለን።