ኡሁሩ፦ ከማሊንዲ ባሕር ወደ ጋላክሲዎች ዘለላ

በናይሮቢ ከተማ ካሳራኒ በተባለው ሰፈር የሚገኘው ታላቅ ስታዲየም፣ ዲሴምበር 12 ቀን 2013 የኬንያ ነጻነት 50ኛ ዓመት በዓል የተከበረበት ስፍራ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው)። ነጻነት በስዋሂሊ ቋንቋ ኡሁሩ ይባላል። ይህ ስም ከምድር አልፎ ወደ ሰማይ የወጣበትን ታሪክ ግን ለተማሪዎቻችን የምንነግራቸው ጥቂቶች ነን።

ኬንያ ነጻ በወጣች በ7ኛው ዓመት፣ በዚያው በዲሴምበር 12 ቀን 1970፣ በማሊንዲ ከተማ አጠገብ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ከቆመው የኢጣልያኖች የሳን ማርኮ መድረክ አንዲት የአሜሪካ ሰው ሠራሽ ጨረቃ ተተኰሰች። ስፍራው ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኑ የምድር ዙረት ለሮኬቱ ተጨማሪ ፍጥነት ይሰጠዋል። የሥራው ኃላፊ የነበሩት ማርጆሪ ታውንሰንድም ዕለቱንና የአገሩን ሕዝብ መስተንግዶ አስበው ኡሁሩ ብለው ሰየሟት።

ኡሁሩ የተላከችው ዓይን የማያየውን የኤክስሬይ ጨረር ከሰማይ እንድትለቅም ነበር። ይህን ጨረር የምድር አየር ስለሚውጠው ከመሬት ሆኖ መመልከት አይቻልም። እርሷም ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠራች የመጀመሪያዋ ሳተላይት ስትሆን፣ 339 የጨረር ምንጮች ተመዝግበውባታል።

ከነዚህ ሁሉ የሚያስደንቀው የጋላክሲዎች ዘለላ ነገር ነው። ጋላክሲ እንደኛዋ ፍኖተ ሐሊብ ያለ የቢሊዮን ከዋክብት ማኅበር ነው፤ በመቶና በሺህ የሚቈጠሩ ጋላክሲዎችም እንደ ወይን ፍሬ በአንድነት ተሰባስበው ይገኛሉ። ኡሁሩ ኮማና ፐርሲየስ የተባሉትን ዘለላዎች ስትመለከት፣ ጨረሩ በጋላክሲዎቹ መካከል ባለው ሰፊ ስፍራ ተዘርግቶ ተገኘ። ባዶ ይመስል የነበረው ስፍራ ሙቀቱ በአሥር ሚሊዮኖች ዲግሪ በሚቈጠር ጋዝ የተሞላ ኖሯል። የጋዙም ክብደት ከዘለላው ከዋክብት ሁሉ እንደሚበልጥ ኋላ ተረጋገጠ። የምርምሩ መሪ ሪካርዶ ጃኮኒ በ2002 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

እንግዲህ ሰማይ በአንድ ዓይነት ብርሃን ብቻ የሚነበብ መጽሐፍ አይደለም። ጠፈር እየሰፋ ስለሚሄድ፣ እጅግ ከራቁት ዘለላዎች የሚመጣው ብርሃን በመንገዱ ተለጥጦ፣ ከቀይ አልፎ፣ ኢንፍራሬድ ሆኖ ይደርሰናል። በ2003 የተተኰሰው ስፒትዘር ሥራው እስካበቃበት እስከ 2020 ድረስ የጥንቱን ዘለላ ይፈልግ የነበረው፣ በ2021 የተላከው ጄምስ ዌብም የሚፈልገው በዚህ ብርሃን ነው። ይህንንም ብርሃን ዊልያም ሄርሼል በ1800 ያገኘው በፕሪዝምና በቴርሞሜትር ነበር፤ ከቀዩ ቀለም ውጭ፣ ምንም በማይታይበት ስፍራ ያኖረው ቴርሞሜትር ሙቀትን አሳየው። ይህ ፈተና በማናቸውም ትምህርት ቤት ደጅ ሊደገም ይችላል።

እውነቱን ለመናገር፣ የኡሁሩ ሮኬት የአሜሪካ፣ መድረኩም የኢጣልያ ነበር፤ የኬንያ ድርሻ ባሕሩና ስሙ ነው። ዛሬ በእንጦጦ ተራራ ላይ የአንድ ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል፤ ሆኖም መሣሪያ ያለ ጠያቂ ተማሪ ብረት ብቻ ነው። የካሳራኒም ሆነ የእንጦጦ ልጅ ከስሙ አልፎ የዕውቀቱ ባለቤት ይሆን ዘንድ፣ ቴርሞሜትሩን በእጁ የሚያስይዘው መምህሩ ነው።