የካሜራው ብርሃንና የሠዓሊው ቀለም

ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. በ1839 ለዓለም ይፋ ከሆነ ወዲህ በሥነ ጥበብ መድረክ አንድ ጥያቄ ሲያከራክር ኖሯል። ካሜራ ለሠዓሊው ባላጋራ ነው ወይስ ረዳት? ጥያቄውን በሥራቸው ከፈተኑት አንዱ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዣን ሌዮን ዤሮም (1824–1904) ነው። የጉዞ ፎቶግራፍ ለሠዓሊ ምን እንደሚያስተምርና በምን እንደሚያሳስት የእርሱ ታሪክ አጉልቶ ያሳያል።

ዤሮም በ1856 ግብፅን ሲጎበኝ ከባልንጀሮቹ አንዱ ወጣቱ ቀራፂ ኦጉስት ባርቶልዲ ነበር። ይህ ሰው በ1886 በኒው ዮርክ ወደብ የተመረቀውን የነፃነት ሐውልት የቀረፀው ነው። ባርቶልዲ የዓባይን ዳርቻና የጥንቱን ቤተ መቅደስ በካሜራው ሲያነሣ፣ ዤሮም በእርሳስና በቅባት ቀለም ይነድፍ ነበር።

ፎቶግራፉ በመጀመሪያ ያስተማረው ብርሃንን ነው። የቀትር ፀሐይ የጥላን ቁመት ታሳጥራለች፤ ጠርዙንም ትስላለች። ከአሸዋው የተንጸባረቀው ብርሃን ደግሞ ጥላ ያረፈበትን ግድግዳ ከሥሩ ያፈካዋል። ሠዓሊው ይህን ሁሉ መዝግቦ ሳይጨርስ ፀሐይ ቦታዋን ትለቃለች። ፎቶግራፉ ግን ጥላውን ካረፈበት ሳያነቃንቅ አቆይቶ ለጥናት ያቀርብለታል።

የቀለም ነገር ሌላ ነው። የዚያ ዘመን ፎቶግራፍ ቀለም ስለሌለው ብቻ ሳይሆን የቀለማትን ድምቀትና ጥቁረት ስለሚያዛባም ያሳስት ነበር። ኬሚካሉ ሰማያዊ ብርሃንን ፈጥኖ ሲቀበል፣ ቀዩን ግን ከቶ አይቀበልም ለማለት ይቻላል። በዚህም ምክንያት ጥርት ያለ ሰማይ ነጥቶ፣ ቀይ ልብስ ጠቁሮ ይወጣል። ስለዚህ ሠዓሊው ቅርጽንና ጥላን ከፎቶግራፉ ቢወስድም፣ ቀለምን በቦታው ተገኝቶ በገዛ ዓይኑ መማር ነበረበት። ዤሮም በ1857 ለሕዝብ ያቀረበው፣ በግዴታ ለጦር የተመለመሉ ግብፃውያን ታስረው በረሃ ሲያቋርጡ የሚያሳየው ሥዕል የዚያ ጉዞ ፍሬ ነው።

ችሎታው የላቀበት፣ ስሕተቱም የጎላበት ሥራ ግን በ1879 ገደማ የሣለው «እባብ አጫዋቹ» ነው። ዤሮም በ1875 ቁስጥንጥንያን ጎብኝቶ ነበር፤ ከ1863 ጀምሮ የሱልጣኑ ፎቶግራፍ አንሺዎች የነበሩት የአብዱላህ ወንድማማቾች ያነሷቸውን ፎቶግራፎችም ተጠቅሟል። በሥዕሉ ላይ የሚታየው በሰማያዊ ሴራሚክ የተለበጠ ግድግዳ ከቶፕካፒ ቤተ መንግሥት የተወሰደ ነው። ጌጡ ተለቅሞ ተሥሏል፤ ሰማያዊውም ሕያው ነው። ከፊቱ ግን እርቃኑን የቆመ ልጅ እባብ ተጠምጥሞበት፣ የታጠቁ ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ያዩታል። የግብፅ፣ የቱርክና የህንድ ነገር በአንድ ተደባልቋል። እንዲህ ያለ ትርኢት በዚያ ቤተ መንግሥት ለመታየቱ ማስረጃ የለም፤ ሠዓሊው ከየቦታው ለቃቅሞ የገጣጠመው ነው።

ኤድዋርድ ሰዒድ በ1978 ያሳተመው «ኦሪየንታሊዝም» የተሰኘ መጽሐፍ ሽፋን የዚህ ሥዕል ቁራጭ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። አሜሪካዊቷ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር ሊንዳ ኖክሊንም በ1983 እንዳመለከተችው፣ የዝርዝሩ ፎቶግራፍ መሰል ጥራት ተመልካቹ ትርኢቱን በሞላ እውነት ነው ብሎ እንዲቀበል ያባብለዋል። በቅኝ ግዛት መስፋፋት ዘመን ምሥራቁን ሰነፍና ታሪክ የለሽ አድርጎ ማሳየት ደግሞ ለማን እንደሚበጅ ግልጽ ነው።

እንግዲህ የዤሮም ታሪክ የሚያስጨብጠው ፍሬ ነገር ይህ ነው። ካሜራ ብርሃን እንዴት እንዳረፈ ይመሰክራል፤ ቀለም ደግሞ በትጋት ይጠናል። በዚያ ብርሃን ውስጥ የቆመው ሰው ማን እንደሆነና እንዴት እንደሚኖር ግን ካሜራው በራሱ አይናገርም። ይህን ጠይቆ የመረዳት ኃላፊነት የሠዓሊው ነው። ይህን ኃላፊነት የዘነጋ ሠዓሊ የያንዳንዱን ጥላ ልክ ጠብቆ እንኳ ሐሰት ሊሥል ይችላል።