የጓያ ሽባነትና የማይቶኮንድሪያ መፍረስ፤ ስለ አለካኩ ታሪክ አጭር ጥናት

ከኮን በስተደቡብ ዋድላን ከደላንታ የሚለይ ጥልቅ ገደል አለ። አፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ሲሻገሩ መድፎቻቸውን ያስጎተቱበት ስለሆነ በታሪክ የታወቀ ነው። እኛ ግን ስለ ጦርነት ሳይሆን ዝናብ ሲጠፋና ሌላው እህል ሲደርቅ በማሳ ላይ ስለሚቀረው ስለ ጓያ እንጽፋለን። የምንጠይቀውም፣ ጓያ በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በምን በምን ሲለካ ኖረ? የሚለውን ነው። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው መለኪያ በትር ነበረ። ሐኪሞች ሕመምተኛውን የሚመድቡት ያለ በትር የሚሄድ፣ በአንድ በትር የሚሄድ፣ በሁለት በትር የሚሄድና የሚድህ እያሉ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ከባልደረቦቻቸው ጋር በደንቢያና በፎገራ ያደረጉት ጥናት በ1990 ታተመ። ከ1995 በኋላ ደግሞ በደላንታ ዳውንት በድርቅ ምክንያት ወደ 2000 የሚጠጋ ሰው እንደ ታመመ ኃይለ ኢየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው በ1999 አስታወቁ። ይህ ቁጥር ታላቅ ዋጋ አለው፤ ነገር ግን በትር የሚይዘው ሰው ነርቩ አስቀድሞ የተጎዳ ነው፤ የሞተም ነርቭ አይተካም። እንግዲህ በትር የሚለካው ያለቀውን ነገር ነው።

ሁለተኛው መለኪያ የኬሚስትሪ ነው። በ1964 የህንድ ሊቃውንት ከጓያ ፍሬ ኦዳፕ የተባለውን መርዝ ለይተው አወጡ። በ1993 ደግሞ በባንጋሎር ይኸው መርዝ በአይጥ አንጎል ውስጥ የማይቶኮንድሪያን ሥራ እንደሚገታ ተገለጸ። ማይቶኮንድሪያ የሕዋስ ምድጃ ነው ቢባል ያስኬዳል፤ ስሙን በ1898 ያወጣለት ጀርመናዊው ቤንዳ ነው።

ሦስተኛው መለኪያ ብርሃን ነው፤ የምንዘገየውም በዚህ ላይ ነው። አሽፎርድና ፖርተር በ1962 በአይጥ ጉበት ውስጥ በመፍረስ ላይ ያለ ማይቶኮንድሪያ አዩ፤ ደ ዱቭም በሚቀጥለው ዓመት ሕዋስ የራሱን ክፍል የሚበላበትን ሥራ ኦቶፋጂ ብሎ ሰየመው። ዳሩ ግን የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚያሳየው የሞተን ሕዋስ ነው፤ ምን ያህል እንደ ፈረሰ፣ በምን ፍጥነትም እንደ ፈረሰ አይናገርም። በ1980 ሮዳሚን 123 የተባለ ቀለም ሕይወት ያለውን ማይቶኮንድሪያ አበራ። ቀለሙ የሚሰበሰበው በኤሌክትሪክ ኃይል ስለሆነ፣ ኃይሉ ሲደክም ብርሃኑም ይደበዝዛል። ብዙዎች ይህን መደብዘዝ እንደ መፍረስ ቈጥረውታል፤ በእኛ አስተያየት ግን ትክክል አይደለም። ከጎጆ ጭስ አለመውጣቱ ቤቱ ፈረሰ አያሰኝም።

ይህን ችግር በብዙ ያቃለለው በ2011 ሚያዋኪና ባልደረቦቹ በጃፓን ያወጡት ዘዴ ነው። ኬይማ የተባለውን የሚያበራ ፕሮቲን በማይቶኮንድሪያ ውስጥ አስቀመጡ። ማይቶኮንድሪያ በቦታው ሳለ ፕሮቲኑ የሚነቃው በሰማያዊ ብርሃን ነው፤ አሲድ ወዳለበት ላይሶሶም ገብቶ ሲፈጭ ግን በቢጫ ብርሃን ይነቃል። ተመራማሪው የሁለቱን ብርሃን ድርሻ እያካፈለ፣ ከመቶ ስንቱ ወደ ላይሶሶም እንደ ገባ ያሰላል። ሆኖም ኬይማ ራሱ በላይሶሶም ውስጥ ቶሎ አይፈጭም፤ ስለዚህ ምልክቱ መድረሱን እንጂ ፈጽሞ መጥፋቱን አያስረዳም። ሕዋሱም በመድኃኒት ከደረቀ የአሲዱ ልዩነት ይጠፋልና መታየት ያለበት በሕይወት ሳለ ነው።

ለጓያ ጥያቄ ሁለቱ ዘዴዎች አብረው ይፈለጋሉ። ኦዳፕ በገባበት ነርቭ ሮዳሚን ደብዝዞ የኬይማ ድርሻ ከፍ ቢል፣ ሕዋሱ የታመመውን እያጸዳ ነው ማለት ነው፤ ሮዳሚን ደብዝዞ ኬይማ ባለበት ቢቆም ግን የታመመው እየተከማቸ ነው። በትር ከመያዙ በፊት ሊደረግ የሚችለው ነገር በሁለቱ ሁኔታዎች አንድ አይደለም። ለዚህ ምርመራ የሚሆን ነርቭ ከሕመምተኛ አንጎል ተቆርጦ አይወሰድም፤ ያማናካ በ2007 ከሰው ቆዳ ሕዋስ በጀመረው መንገድ በቤተ ሙከራ ይበቅላል እንጂ።